ዳዶው ላይ ያለው ቀይ ቀለም

ጥቅምት 4

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ፈልጌ እጄ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ «አለን» ይበቃል። ፈጣሪ ያለህበትን አገር የሰላም ያድርግልህ፤ እጅህን ከማሽን፣ እግርህን ከመንሸራተት ይጠብቅልህ።

ባሌ፣ ወንድምህ፣ ካረፈ አራት ወር አለፈው። ስልክ ደውለህ ያለቀስክ ቀን እኔ ምንም እንዳልመለስኩልህ ትዝ ይለኛል። አትቀየመኝ። ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ እስከ ዛሬም እንባ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የተማሪ ፋይል በፊደል ተራ እደረድራለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰው «ጠንካራ ናት» ይለኛል። ጥንካሬ አይደለም። ጥርስ ሊነቀል ሲል የሚወጉት ማደንዘዣ ዓይነት ነው፤ ገና አልለቀቀኝም።

ይህን ያስጻፈኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የአደጋው ምርመራ ወረቀት ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። «የአደጋው ምክንያት፦ አሽከርካሪው በማንቀላፋቱ» ይላል። ከታች ደግሞ «የኋላ ግራ ክንድ ጎሚኒ ተቀዶ ተገኝቷል፤ ከአደጋው በፊት ይሁን በኋላ ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል አንድ መስመር አለ።

እናታችሁ ወረቀቱን አስነብበው ሰሙ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። «ልጄ ቤቱ እንቅልፍ ቢያገኝ መንገድ ላይ አይተኛም ነበር» ብለዋል አሉ። ለእኔ አይደለም ያሉት፣ ለጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ወሬ አያሳድርም።

ያን ቀን አሳፍሯት ከኋላ ወንበር የነበረችው ልብስ ሰፊ እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች። ልጠይቃት ሄጄ ነበር። «ኧረ አልተኛም፣ ቀልድ እያወራልኝ ነበር» አለችኝ። አንድ መካኒክ ታሞ ሐኪም ቤት የሄደበት ቀልድ ነው። «ሐኪሙ ምን አለው መሰለሽ» እንዳለ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ያዘ፤ የመኪናዋ ኋላ ወደ ጎን ሄደ፤ ከዚያ ዛፉ ነው። ቀልድ እያወራ የሚተኛ ሰው አይተህ ታውቃለህ? መርማሪው ግን «ተሳፋሪዋ በድንጋጤ ላይ ነች» ብሎ አልጻፈውም።

አቤቱታ ለማስገባት አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይሰጣሉ። ባሌ ተኝቶ ሰው ጎዳ፣ ተኝቶ ሞተ ተብሎ እንዲቀመጥ አልፈልግም። እኔ እንቅልፍ የነሳሁት ሚስቱ ሆኜ መቅረትም አልፈልግም። ግን የማላውቀውን ነገር ይዤ ቢሮ ብገባ ይስቁብኛል። አንተ መካኒክ ነህ። ክንድ ምንድን ነው? ጎሚኒስ? ቢቀደድ መኪና በራሷ ኋላዋን ታዞራለች? በስልክ አትንገረኝ፤ በስልክ የሰማሁት አይያዝልኝም። ጻፍልኝ፣ እየደጋገምኩ አነብበዋለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 29

ለእትዬ፣ ከእናት ቀጥሎ ላሳደገችኝ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሥራ ልገባ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፣ አርፍጄም ገባሁ። አምላክ አንቺን ያጽናሽ፣ የቤቱን ደጃፍ ይጠብቅልሽ። ለጋሼ ቀብር አለመምጣቴን አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። ብታነሺብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም አለሁ። የምሠራው አውቶቡስ መጠገኛ ነው። እንደ ቀልድ ሆኖ የደረሰኝ ክፍል የአንቺው ጥያቄ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አሮጌ ጎሚኒ እየገፋሁ አውጥቼ አዲስ አስገባለሁ። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ማታ ማታ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሻይ ስይዝ ሙቀቱ የሚሰማኝ ከቆየ በኋላ ነው።

እሺ፣ ወደ ጥያቄሽ። የኋላው ጎማ ከመኪናዋ አካል ጋር አልተሰፋም። ከጎማው ፊት ለፊት አንድ ወፍራም ብረት አለ። አንዱ ጫፉ ከወለሉ ሥር በብሎን ታስሯል፣ ሌላው ጫፉ ጎማውን ይዟል። እሱ ነው ክንድ የሚባለው። ሕፃን ልጅ ከኋላሽ እየጎተትሽ በእጁ ይዘሽ ስትሄጂ አስቢው። ልጁ ጉብታ ሲወጣ ክንድሽ ከትከሻሽ ላይ ከፍ ይላል፣ ጉድጓድ ሲገባ ዝቅ ይላል፤ ግን ልጁ ወደ ኋላም አይቀር፣ ወደ ጎንም አይሸሽ። ያ ክንድ ነው።

ጎሚኒው ደግሞ ትከሻው ጋ፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጠባብ ቱቦ በሰፊ ቱቦ ውስጥ ገብቶ መሃላቸው ላስቲክ የተሞላ ማለት ነው። ላስቲኩ ከሁለቱም ብረት ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ አይሽከረከርም፤ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዝና ተመልሶ ይፈታል። ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘው ዳዶ ሲጠብቅ የውስጠኛውን ቱቦ ነክሶ ይይዘዋል። በአንድ ጉዞ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚጠመዘዝ አስቢው።

ሲቀደድ ትከሻው ይላላል። መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ «ኳ» ይላል። ከዚያ ጎማው ባንድ ወገን ይበላል። ፍሬን ሲያዝ፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ፣ ጎማው ጥቂት ይጣመምና አሽከርካሪው መሪውን ሳያዞር ኋላዋ በራሷ መሪ ትሆናለች። እና መልሱ አዎ ነው፤ ልታዞር ትችላለች።

ግን እትዬ፣ ዛፍ በመታ መኪና ላይ ያልተቀደደ ነገር መፈለግ ይቀላል። እኔ ከግጭቱ ነው የተቀደደው ብዬ ነው የማስበው። ደግሞ ጎሚኒው አዲስ ነበር፤ ከመሄዴ በፊት እኔው ነኝ የቀየርኩት። ራስሽን በወረቀት አታድክሚ። የሞተ አይመለስም። እማዬም ቢሆን ኀዘኗ ነው የሚያናግራት፣ ይወጣላታል።

ወንድምሽ


ኅዳር 21

ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ጣቶችህንም ሙቀት አይንሳቸው። ስለ ክንዱ የጻፍክልኝን ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መዝገብ ቤት አብራኝ የምትሠራውን ይዤ ልጅ የመጎተቱን ነገር ኮሪደር ላይ በተግባር አሳየኋት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀችብኝ፤ እኔ ስቄ እንደሆነ እንጃ።

«ራስሽን አታድክሚ» ስላልከኝ ብቻ ተነስቼ ሄድኩ፤ ታውቀኛለህ። የተገጩ መኪኖች የሚቆሙበት ግቢ ጥበቃው መታወቂያዬን አገላብጦ አየና አስገባኝ። ብቻዬን አልነበርኩም። ሠፈራችን ያለው ባለመነጽሩ መካኒክ፣ ያ «ለመናገርም ብሎን መፍታት አለበት» እያላችሁ የምትስቁበት ዝምተኛ፣ አብሮኝ ሄደ። መኪናዋን ገና ከሩቅ አወቅኋት። የሾፌሩን በር አላየሁም፤ በሌላው ጎን ዞርኩ።

ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ቆይቶ «ነይ እዪ» አለኝ። በሥራ ቀሚሴ ካርቶኑ ላይ ተኛሁና በባትሪ አሳየኝ። ቅዳጁ ውስጡ ግራጫ ነው፤ አቧራና ዘይት ጠጥቶ ደርቋል። «አዲስ ቅዳጅ ጥቁርና ንጹሕ ነው። ይሄ የከረመ ቁስል ነው» አለ። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም፤ በልቤ «ቁጥር አንድ ማስረጃ» ብዬ ፋይል አደረግሁት።

ከዚያ ዳዶውን አየሁት። የኔ የጥፍር ቀለም አሁንም አለበት። ሁለታችሁ ጨርሳችሁ ያጠበቃችሁትን ሁሉ በቀይ ነጥብ ምልክት ታደርጉ አልነበር? ስንት ብልቃጥ ጨረሳችሁብኝ። ወንድምህ «ቀይ ካለበት አለቀ፣ ሌላ ሰው አይነካውም» ይል ነበር። ግቢያችን ከመኪና ሥር መግቢያ ጉድጓድ ስለሌለው እንጨት ላይ ታቆሟታላችሁ፤ እሱ ያን ሁሉ ሰውነቱን ይዞ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ዳቦውን እየገመጠ ቀልድ ያወራልሃል፤ አንተ ከሥር ሆነህ እየሳቅክ ታጠብቃለህ። ለምን እንደሚቀመጥ ጠይቄያችሁ አላውቅም። ጨዋታችሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር አልገባኝም። ባለመነጽሩ ቅዳጁን በጣቱ ዳስሶ «ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ነው የሞተው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ብጠይቀው «የገጠመውን ሰው ጠይቂ» አለኝ። የገጠምከው አንተ ነህ። ቀኙን ደግሞ አይቶታል፤ ደህና ነው። ሁለቱም ባንድ ሰሞን የገቡ ናቸው። ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ግራው ብቻ ለምን ተቀደደ?

እህትህ


ታኅሣሥ 30

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ላስቲክ እንደ ሰው ነው፣ አንዱ ቶሎ ያረጃል። የሙቀቱ፣ የመንገዱ፣ የፈሰሰ ዘይትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ደካማ ነው። ባለመነጽሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ዓይኑም ደክሟል፣ ብዙ ባትሰሚው።

መኪናዋን ለምን ለብረት አቅላጭ አትሰጫትም? በየጊዜው እየሄድሽ ማየቱ ላንቺም አይበጅም። ዳዶውን ግን ማንም እንዳይነካው። ማለቴ፣ ከፈታችሁት ሌላ ነገር ይበላሻል።

እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷስ? እዚህ በረዶ ጥሏል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤቴ ያለው መንገድ አንድ ዓይነት ነጭ ነው።

ወንድምሽ


ጥር 20

ለባለቤቴ ወንድም፣

ዳዶው አልተነካም፤ መኪናዋም አትቀልጥም።

ባለመነጽሩ ሊነግረኝ ስላልፈለገ ሦስት ቅዳሜ ጋራዡ ሄጄ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ለመደኝ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የአንድ ሰው መኪና የኋላ ክንድ ሠራ። በክሪክ አንስቶ ጎሚኒውን ቀየረ፣ ብሎኑን አስገባ፣ ዳዶውን በእጁ ብቻ አዞረ። ከዚያ ሳያጠብቀው መኪናዋን አወረዳት። በጎማዎቿ አራት ዝቅ ያሉ የእንጨት መወጣጫዎች ላይ አቆማት፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ጫነ። ከሥር ገብቶ ያጠበቀው ያን ጊዜ ነው።

«ሲሚንቶው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«የሰው ቦታ ነው» አለኝ። «መኪና ክብደቷን ተሸክማ በእግሯ ስትቆም ነው ይሄ የሚጠብቀው። በክሪክ ላይ ጎማዋ ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቅሽው፣ ላስቲኩ መንጠልጠሉን ማረፊያዬ ነው ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ስትወርድ ይጠመዘዛል። ቆማ ስታድር እንኳ ተጠምዝዞ ነው የሚያድረው። ዓመት ቢቆይ ነው።»

አየህ፣ ጨዋታ አልነበረም። ወንድምህ ሲሚንቶ ነበር።

መዝገብ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቀን አይጠፋብኝም። ጓዝህን የያዝክበት ጠዋት የሻንጣህ ዚፕ ተበጠሰ። ወንድምህ ሻንጣውን ተሸክሞ ዚፕ ሠሪው ጋ ሄደ። አንተ ግቢ ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ነበርክ። እኔ ነጭ ሸሚዝህን እየተኮስኩ በመስኮት አይሃለሁ፤ መኪናዋ በክሪክ ላይ ናት። ወንድምህ እያለከለከ ሲመለስ አውሮፕላኑ ሊያመልጥህ ነበር። መኪናዋን አውርዳችሁ ተሳፈራችሁ፣ ወጣችሁ።

ያን ቀን ዕቃ መጫኛው ላይ ማን ተቀመጠ?

የወንድምህ ሚስት


መጋቢት 22

እትዬ፣

ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል። ሁለት ወር ሙሉ ሲነቅዝ አየሁት።

ማንም አልተቀመጠም።

የቀኙን በዋዜማው ከጋሼ ጋር ጨርሰነው ነበር። መሸብን፣ የግራውን ለጠዋት አሳደርነው። «በዚህች ኳኳታ አልሸኝህም፣ አሳምረህልኝ ትሄዳለህ» ስላለኝ ደስ ብሎኝ ነው በጠዋት የተነሳሁት። ዚፑ ሲበጠስ ሄደ። እስኪመጣ ላዘጋጅ ብዬ ዳዶውን በክሪክ ላይ አጠበቅሁት። ሲመጣ ላላ አደርገውና እሱ ተቀምጦ ደግሜ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጣ። ሸሚዙን ቀይሯል፣ ለእኔ መሸኛ ብሎ። ጎንበስ ብሎ «ጨረስክ?» አለኝ። ያን ንጹሕ ሸሚዝ፣ ሰዓቱን፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ «ኧረ ፍጠኑ» ስትይ አሰብኩና «ጨረስኩ» አልኩት። ብልቃጡ መሬት ላይ ነበር። ከፈትኩና ቀባሁት። እጄ ነው የቀባው። ለምን እንደቀባሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ብተወው ኖሮ ጋሼ አንድ ቀን ጎንበስ ሲል ቀይ የለውም ብሎ ያስፈታው ነበር።

እዚህ ስደርስ በመጀመሪያው ስልክ እነግረዋለሁ አልኩ። በመጀመሪያው ስልክ ስለ ብርዱ አወራን። በሁለተኛው ስለ እማዬ ጉልበት። ከዚያ አሳፈረኝ። ከዚያ ደግሞ ረሳሁት፤ እውነቴን ነው፣ ረሳሁት። ወረቀትሽ ላይ «የኋላ ግራ» የሚለውን ሳነብ ነው ያስታወስኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ያረፈድኩት ለዚያ ነው። ያን ሁሉ ስለ ክንድና ስለ ትከሻ የጻፍኩልሽ አንዷን ነገር ላለመጻፍ ነው።

የምሠራበት ቦታ አውቶቡሱ በጎማው መሬት ላይ ሳይቆም አለቃው ማጥበቂያውን አይሰጠኝም። አንድም ቀን አሳስቼ አላውቅም። ለማላውቀው ተሳፋሪ።

ቀልዱን ለልብስ ሰፊዋ ንገሪያት፣ ጀምሮላት ስለቀረ። መካኒኩ ሐኪም ቤት ሄዶ «ጉድጓድ በዘለልኩ ቁጥር ከኋላዬ ኳ ይላል» ይላል። ሐኪሙ ይመረምረዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ምንም ያጣል። መጨረሻ ላይ «እኔም አንተ ስለ መኪናዬ የነገርከኝን ነው የምነግርህ፤ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው» አለው። ጋሼ ይህን ያወራልኝ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጦ ነው።

ምን እንደማደርግ ንገሪኝ። ና ካልሽኝ እመጣለሁ። አትምጣ ካልሽኝ አልመጣም።

ወንድምሽ ብዬ ለመፈረም ድፍረት የለኝም።


ሚያዝያ 13

ለባለቤቴ ወንድም፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፋይል ደረደርኩ። ቤቴ ገብቼ አንድ ሳህን አጠብኩ። ከዚያ ያችኑ ሳህን ደግሜ አጠብኳት።

አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት ከመጋቢት ጀምሮ መኪናዋ ኳ ትል ነበር። ባለመነጽሩ ሰምቶ «ከኋላ ግራ ነው፣ ልየው» ብሎት ነበር። ወንድምህ ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየና «እሱ አይደለም፣ ቀይ አለበት። ወንድሜ የጨረሰው ነው» አለ። ሌላ ሌላውን አስፈተሸ፤ ያንን ግን አላስነካም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብዬው ነበር። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። አብረን ሳቅን። ቀልዱን እንደማላውቀው እንኳ አላወቅሁም ነበር፤ ዝም ብዬ ሳቅሁ።

ስለዚህ ጥፋቱን ብቻህን አትውሰደው አልልህም። ያንተ ነው። ግን እኔም ሬዲዮውን ዝቅ አላደረግሁትም።

አሁን የምፈልገው ይህን ነው። ቢሮው «ቅዳጁ የቆየ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ማን እንዴት እንደጠገነው ማስረጃ አምጪ» ብሎኛል። ያደረግኸውን በቀን፣ በሙሉ ስምህ፣ በፊርማህ ጽፈህ ላክልኝ። ማወቅ ያለብህ፣ ስምህ መዝገብ ይገባል። ተመልሼ ጋራዥ እከፍታለሁ ትል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ፈቃድ የሚሰጥህ እንዳይመስልህ። አስበህ ላክ። ጊዜው ግንቦት 28 ያበቃል።

ና ወይም አትምጣ ለማለት አሁን አቅም የለኝም።

የወንድምህ ሚስት


ሚያዝያ 29

እትዬ፣

አላሰብኩበትም፤ በደረሰኝ ቀን ነው የጻፍኩት። ሁለት ቅጂ ነው፣ አንዱ ይጥፋ እንደሆነ ብዬ።

«እኔ ስሜና ፊርማዬ ከታች የሚገኘው፣ በሙያዬ መካኒክ፣ የተጠቀሰችውን መኪና የኋላ ግራ ክንድ ጎሚኒ ስቀይር ዳዶውን መኪናዋ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ እያለች አጥብቄአለሁ። ይህ ስሕተት መሆኑን አውቅ ነበር። ለአሽከርካሪው፣ ለታላቅ ወንድሜ፣ ሥራው ማለቁን በቃልና በቀይ ምልክት አረጋግጬለታለሁ። እርሱ ያመነው እኔን ነው።»

የመጨረሻው መስመር ለቢሮ ጽሑፍ እንደማይሆን አውቃለሁ። ከፈለግሽ ሰርዢው።


ሰኔ 26

ለውድ ወንድሜ፣

ይህን ቃል ከላይ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ስለዚህ እንዲሁ አትለፈው።

መስመሩን አልሰረዝኩትም። የቢሮው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፣ ማኅተም መታበት። ልብስ ሰፊዋም በክራንቿ መጥታ ቃሏን ሰጠች፤ ቀልዱን ከነመጨረሻው አወራችላቸው። አዲሱ ወረቀት ከሁለት ሳምንት በፊት ወጣ። «የአደጋው ምክንያት፦ የጥገና ጉድለት። አሽከርካሪው ጥፋት የለበትም።» የድሮውን ፋይል ከፍቼ ከላይ አሰርኩት።

ለእናታችሁ ራሴ ወስጄ አነበብኩላቸው። ስምህ ያለበት ቦታ ስደርስ ቀና አልልም ብዬ ነበር፣ ቀና አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ፣ ገቡ፣ የተከመረውን ዕቃ አጠቡልኝ። እኔም አልከለከልኳቸውም። እጃቸውን እያደረቁ «ያለበት አገር ብርድ ነው አሉ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ጣቱን ያመዋል?» አሉኝ። «ይደነዝዛል» አልኳቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

መኪናዋን አንድ አናጢ ሊገዛት መጣ። ሦስት ልጆች አሉት፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚደረድራቸው ለካ። «ክንዷ ሳይሠራ አልሸጥም» አልኩት። ባለመነጽሩ በሩንም፣ ምሰሶውንም፣ የኋላ ሁለቱንም ጎሚኒ ለወጠ። ሲጨርስ በመወጣጫው ላይ አቆማትና ሲሚንቶውን ሊያመጣ ሄደ። ከረጢቶቹን ሸጧቸው ኖሯል። «ቆይ ድንጋይ ልፈልግ» አለ።

ቀሚሴን ሰብስቤ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጣሁ። «ውረጂ፣ ሰው ያይሻል» አለኝ። «ይየኝ» አልኩት። ስቀመጥ መኪናዋ ከሥሬ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለች። ክብደት አለኝ ለካ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም። እሱ ከሥር ሲያጠብቅ ቁልፉ ሲንቋቋ እስከ ወገቤ ይሰማኛል። የወንድምህ ቦታ ሰፊ ነበር፤ በሁለቱም ጎኔ ባዶ ተረፈኝ። ያን ባዶ ሳየው አለቀስኩ። ባለመነጽሩ ከሥር ሆኖ እየሰማኝ ማጥበቁን ቀጠለ። ግራውን ሲጨርስ «አለቀ» አለኝ። «ደግመህ እየው» አልኩት። ደግሞ አየው።

ያ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ መሳቢያዬ ውስጥ ደርቆ ነበር። ጥቂት የቀለም ማስለቀቂያ ጠብ አደረግሁበትና ካርቶኑ ላይ ተኝቼ ሁለቱንም ዳዶ በራሴ እጅ ቀባኋቸው። አናጢው በማግሥቱ ልጆቹን ይዞ ወሰዳት። በር ላይ ቆሜ ጉድጓዷን ስትዘል አዳመጥኩ። ድምፅ የላትም።

ይቅር አላልኩህም። ልዋሽህ አልችልም፤ ስትዋሸኝ እንዴት እንደሆነ አይቼዋለሁ። ግን ና። ጋራዥ ባይፈቅዱልህ እንኳ ባለመነጽሩ ሰው ይፈልጋል፤ እሱ ከሥር፣ አንተ ዕቃ መጫኛው ላይ ትሆናለህ፣ ቀልዱን ታውቀዋለህ።

ስትነሳ ወፍራም ልበስ። እናትህ ናቸው ያሉት። እኔም ብያለሁ።

እህትህ